በቤተ መጻሕፍት መካከል በቪዲዮ የምንካፈለው የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ወግ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጎንደር ዙሪያ ባሉ ትንንሽ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ይህን ሥራ ስንሠራ የሚመጣልን ጥያቄ ሁሌም ያው ስለሆነ፣ ከቀላሉ ጀምሬ እስከ ከባዱ እዚህ መልሻለሁ።

ነገሩ በአጭሩ ምንድን ነው?

አንድ ሰው ስለሚያውቀው እንስሳ፣ ወፍ፣ ዛፍ ወይም ሐይቅ አንድ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ቁጭ ብሎ ያወራል። ወጉ በቪዲዮ ወደ ሌሎች ቤተ መጻሕፍት ይሄዳል። እዚያም ሰው ተሰብስቦ ያያል፣ ይጠይቃል፣ የራሱን ይጨምራል። በቃ ይኸው ነው። ደባርቅ በኩል ያለ ሰው ስለ ጭላዳ ሲያወራ ደምቢያ ያለ ልጅ ይሰማዋል፤ በሚቀጥለው ወር ደግሞ የደምቢያው ዓሣ አጥማጅ ስለ አምባዛ ሲያወራ ደጋው ይሰማል።

አንድ የገጠር ቤተ መጻሕፍት ብቻውን ተናጋሪ ልጋብዝ ቢል ይከብደዋል። መንገድ አለ፣ አበል አለ፣ የመኪና ጣጣ አለ። አራት አምስት ሆነው ሲተባበሩ ግን አንድ ሰው አንዴ አውርቶ ሁሉም ጋ ይደርሳል።

ቪዲዮ ከሆነማ ዩቲዩብ ላይ ሞልቷል። ለምን ቤተ መጻሕፍት ድረስ እንሄዳለን?

ዩቲዩብ ላይ ያለው ቪዲዮ ስትጠይቁት አይመልስም። ደግሞም አብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው፣ አብዛኛው ስለ ሌላ አገር ሜዳና አንበሳ ነው። ስለ ኬንያ አንበሳ ቁጭ ብሎ የሚያስረዳ የአሥር ዓመት ልጅ አይቻለሁ። ከመንደሩ በላይ ካለው ገደል ላይ የሚያድረውን ጭላዳ ግን «ዝንጀሮ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ልጁ አልተሳሳተም፤ የነገረው ሰው ስለሌለ ነው።

ሌላው ምክንያት ክፍሉ ራሱ ነው። ተናጋሪው ስክሪን ላይ ቢሆንም ውይይቱ ያለው ክፍሉ ውስጥ ነው። አንድ አባት ከኋላ ተነስተው «እኔ ልጅ ሆኜ እዚህ ወንዝ ዳር ይህ ወፍ ነበር፣ አሁን የለም» ሲሉ፣ ያንን በስልክ ብቻውን የሚያይ ሰው አያገኘውም። ቤተ መጻሕፍት ደግሞ ለጎንደር እንግዳ አይደለም። ፋሲል ግቢ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1667 እስከ 1682 የነገሡት የጻድቁ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት ዛሬም ቆሟል።

ማን ነው የሚያወራው? የግድ ምሁር መሆን አለበት?

የለበትም። እኔ በጣም የምወደው ሁለት ሰው ጎን ለጎን ሲቀመጥ ነው፤ አንዱ ያጠና፣ አንዱ አብሮ የኖረ። የዩኒቨርሲቲ መምህር፣ የፓርክ ስካውት፣ የእንስሳት ሐኪም፣ ንብ አናቢ፣ ዓሣ አጥማጅ፣ ከብት ጠባቂ ልጅ ሁሉም ያወራሉ። የተማረው «ለምን» የሚለውን ይመልሳል፤ የኖረው «የት፣ መቼ፣ እንዴት» የሚለውን።

ሳይንሱ ራሱ እንዲህ ነው የተጀመረው። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፐል እ.ኤ.አ. በ1835 ጭላዳን በሳይንስ ስም ሲመዘግብ ስሙን የወሰደው ከእኛው ሰው አፍ ነው። ዛሬ የዓለም ሊቃውንት ሁሉ «ጌላዳ» የሚሉት የአገሬው ሰው ይጠራበት የነበረውን ቃል ነው። የቀይ ቀበሮ የሳይንስ ስምም «ካኒስ ሲመንሲስ» ነው፤ የስሜኑ ማለት ነው። ስለዚህ «እኔ ምን አውቃለሁ» የሚል የአገር ሰው ሲገጥማችሁ ይህን ንገሩት።

ለመጀመር ምን ምን ዕቃ ያስፈልጋል?

አንድ ላፕቶፕ፣ አንድ ስፒከር፣ አንድ የሚያይበት ነገር። ፕሮጀክተር ካለ ደስ ይላል፤ ከሌለ ቴሌቪዥን ለሠላሳ ሰው ይበቃል። ስክሪን አትግዙ፤ ነጭ ግድግዳ ወይም የተወጠረ አንሶላ ያገለግላል። ቀን ላይ ከሆነ መስኮቱን በካርቶን ወይም በብርድ ልብስ ሸፍኑ፤ አለዚያ በፕሮጀክተር የሚታየው ጥላ ብቻ ይሆናል።

ገንዘብ ካላችሁ ግን መጀመሪያ ለድምፅ አውጡት። ሥዕሉ ቢደበዝዝ ሰው ይታገሳል፤ ድምፁ ከተቆራረጠ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ይበተናል። ተናጋሪው የላፕቶፑን ማይክ ትቶ ተራ የስልክ ኢርፎን ቢጠቀም እንኳ ልዩነቱ ትልቅ ነው። ደግሞ አንድ ነገር አትርሱ፦ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲወርድ ስፒከሩን ጣራ ብታደርሱትም ምንም አይሰማም። ክረምት ላይ ጠዋት ጠዋት አድርጉት።

ዳታ ስንት ይበላል?

በዙም የቡድን ጥሪ ለአንድ ሰዓት ከ800 ሜጋባይት ገደማ እስከ 2.4 ጊጋባይት ድረስ ይሄዳል፤ እንደ ጥራቱ ነው። ሰው ሁሉ ካሜራውን ከከፈተ ይጨምራል። ስለዚህ የተናጋሪው ካሜራ ብቻ ይከፈት፣ ሌላው ቤተ መጻሕፍት ጥያቄ ሲጠይቅ ብቻ ይክፈት።

ነጻው ዙም 40 ደቂቃ ላይ ይቆርጣል። ጉግል ሚት ደግሞ ከሁለት በላይ ስትሆኑ 60 ደቂቃ ይሰጣል። ብዙ ሰው በዚህ ይናደዳል፤ እኔ ግን 40 ደቂቃው ጠቅሞናል እላለሁ። ሃያ ደቂቃ ወግ፣ ሃያ ደቂቃ ጥያቄ። ከዚያ በላይ የሚያወራ ሰው አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጠውን ልጅ ያጣዋል።

ኔትወርክ ከሌለስ?

ይህን ጥያቄ በደንብ ነው የምንመልሰው፤ ምክንያቱም ኖረንበታል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ለብዙ ወራት አልነበረም። እኛ የጀመርነው ነገር ሁሉ ቀጥታ ስርጭት ላይ የተንጠለጠለ ነበርና አንድ ሌሊት ቀጥ አለ። ያኔ ነው ፍላሽ የተማርነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ወጉ በስልክ ይቀዳል። ይጨመቃል፤ የአንድ ሰዓት ቪዲዮ ከአምስት መቶ ሜጋባይት በታች ማድረግ ይቻላል፤ ለአንድ ክፍል ሰው በቂ ነው። ፍላሽ ላይ ይጫናል፣ በፖስታ ይታሸጋል፣ መናኸሪያ ሄዶ ለሚኒባስ ረዳት ይሰጣል። ከጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጠዋት የወጣ ፍላሽ ምሳ ሰዓት ላይ ደርሷል። ታዳሚው አይቶ ጥያቄዎቹን በድምፅ ይቀዳል። ያ ፍላሽ ጥያቄውን ይዞ ይመለሳል፣ ተናጋሪው ይመልሳል፣ መልሱ በሚቀጥለው ሳምንት ይሄዳል። ቀርፋፋ ነው። ግን ልጆቹ መልሳቸውን ሳምንት ሙሉ ሲጠብቁ የሚያወሩት ስለዚያው ወፍ ነው፤ ይህን ያልጠበቅነው ጥቅም አድርጌ ነው የማየው።

ኔትወርክ ደካማ ከሆነ ደግሞ በቴሌግራም ላኩት። እስከ 2 ጊጋባይት ፋይል ይቀበላል፣ ሌሊት ላይ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ቪዲዮው ከከበደ ድምፁን ብቻ ለይታችሁ አውጡ፤ የአንድ ሰዓት ንግግር ከ30 ሜጋባይት ሊያንስ ይችላል። ጥቂት ፎቶ አብሮ ከሄደ ይበቃል።

መብራት ቢጠፋስ?

ይጠፋል። ላፕቶፑን ከዋዜማው ሙሉ ቻርጅ አድርጉ፣ ስፒከሩ በባትሪ የሚሠራ ይሁን። ፕሮጀክተር ብዙ ኃይል ስለሚስብ መጀመሪያ የሚቆመው እሱ ነው፤ ያኔ ሰው ወደ ላፕቶፑ ይሰበሰብ፣ ወይም ድምፁን ብቻ ይስማ። ጀኔሬተር ቢኖር እንኳ ከመስኮቱ ራቅ አድርጋችሁ አቁሙት፤ ጭሱም ድምፁም ክፍሉን ያውከዋል።

በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት ይሻላል?

መጀመሪያ የገበያ ቀኑን ጠይቁ። በገበያ ቀን ጎልማሳ አታገኙም፣ ልጆችም ዕቃ ጠባቂ ይሆናሉ። ጎንደር ከተማ ራሱ ትልቁ ገበያ «ቅዳሜ ገበያ» ነው የሚባለው፤ ቅዳሜን እዚህ መያዝ ዋጋ የለውም። ለእኛ የሠራልን እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ሰው ቁርሱን በልቶ እስኪረጋጋ፣ 5 ሰዓት አካባቢ ነው። የበዓል ቀን እርሱት።

እርሻ የሚበዛበትን ጊዜም አስቡ። አጨዳና ውቂያ ላይ ማንም አይመጣም። ከጥር እስከ መጋቢት ምርቱ ገብቶ ሰው እፎይ ሲል ክፍሉ ይሞላል።

ከየትኛው እንስሳ እንጀምር?

ሰው በየቀኑ ከሚያየውና በደንብ ከማያውቀው ጀምሩ። ለዚህ ነው ሁሌም ጭላዳን የማስቀድመው። ጭላዳ የሚገኘው ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው። ከምግቡ አብዛኛው ሣር ነው። ጠዋት ገደሉ አፋፍ ላይ ወጥቶ ሲበላ ተመልከቱት፦ ቁጭ ይላል፣ በሁለት እጁ ሣሩን አንድ አንድ እያለ ይነጫል፣ ጭብጡ ሲሞላ ወደ አፉ ይልካል፣ ከዚያ ሳይነሳ በመቀመጫው ተንፏቆ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ይህን ቪዲዮ ያለ ምንም ማብራሪያ ሦስት ደቂቃ አሳዩ። ክፍሉ ዝም ይላል። ከዚያ «ለምን ደረቱ ቀላ?» የሚል ይመጣል፤ ወንዱ በመንጋው ውስጥ ያለው ቦታ ከቀለሙ ጋር ይያያዛል፣ የጠነከረው ይበልጥ ይቀላል። ሲመሽ ደግሞ ገደል ላይ ወርዶ ያድራል፤ ነብርና ጅብ እዚያ አይደርሱበትማ።

ሁለተኛ ዋልያ። ከስሜን ተራሮች በስተቀር በዓለም ላይ የትም የለም። ስሜን እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ መጀመሪያ ከሰፈሩት 12 ቦታዎች አንዱ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ዝርዝር ገባ፣ በ2017 ወጣ። ልጆች ግን ይህን አይጠይቁም። የሚጠይቁት «ገደል ላይ ለምን አይወድቅም?» ነው። ሰኮናው ሁለት ነው፤ ጠርዙ ጠንካራ፣ ውስጡ ለስላሳና የሚይዝ። ጠርዙ ትንሿን የድንጋይ ስንጥቅ ይቆነጥጣል፣ ውስጡ እንደ ጎማ ይጣበቃል። አንድ ልጅ ይህን ሲሰማ ወዲያው ጫማውን አውልቆ ሶሉን አገላብጦ ማየት ጀመረ። ከተናገርነው ሁሉ እሱን አልረሳውም።

ቀይ ቀበሮን ከጭላዳ ጋር አያይዙት፤ ወሬው ራሱ ጣፋጭ ነው። መንዝ ጓሳ ላይ በተደረገ ጥናት ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መካከል እየተዘዋወረ አይጥ ሲያድን ከመቶ 67 ጊዜ ይሳካለታል፤ ከመንጋው ውጭ ሲሆን 25 ብቻ። ጭላዳዎቹም አይሸሹትም፤ ግልገሎቻቸውን አይነካማ። በመላው አገሪቱ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ግን ከ500 ያንሳሉ። ከሚገድሏቸው ነገሮች ዋነኛው ከእኛ ውሾች የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። እዚህ ላይ የእንስሳት ሐኪም ጋብዙና ስለ ውሻ ክትባት ያውራ፤ ለቀበሮውም ለልጆቻችሁም ነው።

ለጣና ዳር ሰው ደግሞ ዓሣ። ጣና ውስጥ ብቻ የሚገኙ ወደ 15 የሚጠጉ የአንድ ዘር ዓሦች አሉ፤ ሳይንቲስቶች ላቤዮባርበስ ይሏቸዋል። ከእነሱ ብዙዎቹ ክረምት ላይ እንቁላል ለመጣል እንደ ርብና ጉማራ ያሉ ወንዞችን ሽቅብ ይወጣሉ። በዚያው ወቅት ወንዙ አፍ ላይ መረብ የዘረጋ ሰው የሚቀጥለውን ዓመት ዓሣ ነው የሚይዘው። ይህን አንድ አዛውንት ዓሣ አጥማጅ ከተናገረው ሰው ይቀበላል። ስለ እምቦጭም እንዲሁ፤ ጣና ላይ መታየቱ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፣ አበባው ግን ያምራል፣ ቆንጆ ነው ብሎ ወደ ቤቱ የሚወስድ ልጅ አለ። ዘሩ ጭቃ ውስጥ ብዙ ዓመት ተቀብሮ ሊቆይ እንደሚችል ንገሩት።

ወደ ቆላው ስትወርዱ አላጥሽ ብሔራዊ ፓርክ አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 አንበሶች መኖራቸው በካሜራ ሲረጋገጥ በዓለም ዜና ሆነ። የቋራ ሰው ግን ከድሮም ያውቅ ነበር።

የሚመጣው ልጅ ብቻ ነው ወይስ አዋቂም?

ልጆች ይጀምሩታል፣ አዋቂ ይከተላል። መጀመሪያ ቀን እናት ልጇን ልትወስድ መጥታ በር ላይ ትቆማለች። ሁለተኛ ቀን ገባ ብላ ትቀመጣለች። አዋቂ እንዲመጣ ከፈለጋችሁ ርዕሱ ሥራውን ይንካ፦ ንብ፣ አይጥ፣ ጅብ፣ የግጦሽ ሣር፣ ምንጭ። ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው ቤተ መጻሕፍት መግባት ያፍራል፤ ይህን ግድግዳ ያፈረሰው ከሁሉ በላይ ይህ ወግ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ለመስማት ፊደል መቁጠር አይጠይቅማ።

ክፍሉን ማን ይምራው?

በየቤተ መጻሕፍቱ አንድ ሰው ይኑር። ሥራው ማይክ መክፈትና መዝጋት፣ ጥያቄ መሰብሰብ፣ ስክሪኑ ሲቆም ሰውን ማጫወት ነው። በጣም ያስቸገረን የማይክ ነገር ነው። አምስት ክፍል በአንድ ጊዜ ማይኩን ከከፈተ የራሳችሁ ድምፅ ተመልሶ ይመጣባችኋል። ጥያቄ የሚጠይቀው ቤተ መጻሕፍት ብቻ ይክፈት፣ ሌላው ይዝጋ።

ልጅ ደግሞ ስክሪን ፊት ቆሞ መጠየቅ ይፈራል። ጥያቄውን ቁራጭ ወረቀት ላይ ይጻፍና መሪው ያንብብለት። ስሙ ሲጠራ ግን ተነስቶ ይታይ። ያን ቀን ቤቱ ሄዶ የሚያወራው ስለዚያ ነው።

ተናጋሪው የማያውቀው ጥያቄ ቢመጣስ?

«አላውቅም፣ አጣርቼ እመልሳለሁ» ይበል፤ ይመልስም። ልጅ አላውቅም የሚል ትልቅ ሰው ማየቱ ራሱ ትምህርት ነው። ጥያቄው መዝገብ ላይ ይጻፍ።

በጣም ከሚደጋገሙት አንዱ «የመስቀል ወፍ ሌላ ጊዜ የት ይሄዳል?» የሚለው ነው። የመጀመሪያው ተናጋሪያችን ደንግጦ ዝም አለ። መልሱን ያመጣነው በሁለተኛው ሳምንት ነው፦ የትም አይሄድም። የመስቀል ወፍ ከምንላቸው ትንንሽ ወፎች ብዙዎቹ ወንዱ የመራቢያ ጊዜው ሲደርስ ደማቅ ላባ ይለብሳል፤ ጊዜው ሲያልፍ ያወልቀውና እንደ ሴቷ ተራ ቡናማ ይሆናል። ዓመቱን ሙሉ አጥራችን ላይ ነው፣ እኛ ነን የማናውቀው። ይህን ሲሰሙ ልጆቹ አላመኑም። ከዚያ አንዲት ልጅ ጥቅምት ላይ ግማሹ ጥቁር ግማሹ ቡናማ የሆነ ወፍ አይታ እየሮጠች መጣች፤ ልብስ ሲቀይር ያዝኩት አለች።

ገበሬው ተነስቶ «ጭላዳ ገብሴን ጨረሰው» ቢልስ?

እውነቱን ነው። ይህን ጥያቄ አትፍሩት፣ አታፍኑትም። ጭላዳ ማሳ ውስጥ ይገባል፤ ገብስ ለእሱ ጥሩ ሣር ነው። ተናጋሪው «ብርቅ እንስሳ ነው፣ ጠብቁት» ብሎ ቢያልፈው ያ ገበሬ ዳግመኛ አይመጣም፣ ቢመጣም አይሰማም። ጉዳቱን በዝርዝር ይናገር፤ መቼ፣ ከየት በኩል፣ ስንት ሆነው። ከሌላ ወረዳ ያለው ገበሬ ደግሞ እሱ እንዴት እንደሚከላከል ይንገረው። ያኔ ነው ቪዲዮው ከሁሉ የሚጠቅመው፤ ሁለት ገበሬዎች የማሳ ጥበቃ ሲነጋገሩ ሳይንቲስቱ ማስታወሻ ይይዛል።

ደባርቅ በኩል ያለ ታዳሚ ደግሞ ሌላ ቁስል ሊኖረው ይችላል። ስሜን ፓርክ ውስጥ የነበረችው የግጭ መንደር ነዋሪዎች በ2008 ዓ.ም. ከፓርኩ ወጥተው ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል። ክፍሉ ውስጥ የእነሱ ልጅ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። «ሰው ሲወጣ ሣሩ አገገመ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ተናጋሪው ሲናገር ማን ፊት እንደሚናገር ይወቅ። እኔ በበኩሌ ይህን ለተናጋሪው አስቀድሜ እነግራለሁ።

የሚባለው ነገር ከአገሬው ልማድ ጋር ቢጋጭስ?

ጉጉት ትጮሃለች፣ ሟርት ነው ተብሎ ትባረራለች ወይም ትገደላለች። ተናጋሪው «ይህ ኋላ ቀር እምነት ነው» ብሎ ከጀመረ ነገሩ እዚያው አለቀ። ይልቅ ይጠይቅ፦ ሌሊት ጎተራችሁን የሚበላው ማነው? አይጥ። አይጥን ሌሊት የሚበላ ማነው? ድመትና ጉጉት። ከዚያ ዝም ይበል። ውይይቱን አባቶችና እናቶች ራሳቸው ይወስዱታል። ሁሉም አይለወጥም፣ አንዳንዱ ይለወጣል። አንድ አባት «ድምፁዋን አልወድም፣ ድንጋይ ግን አልወረውርም» ብለውናል።

ስህተት ከሆነ ግን ስህተት ነው፣ በይሉኝታ አይታለፍ። ተናጋሪው ከተሳሳተ በሚቀጥለው ወግ መጀመሪያ ላይ ይታረም፤ የተቀዳውም ላይ እርማቱ ይጨመር።

የተቀዳውን ማሰራጨት እንችላለን?

የተናጋሪውን ፈቃድ አስቀድማችሁ ውሰዱ፣ በቃል ብቻ ሳይሆን ቪዲዮው ላይ «እፈቅዳለሁ» ይበል። ከኢንተርኔት የተወሰደ ፊልም ወግ መሀል አትክተቱ፤ የሰው ንብረት ነው። በስልካችሁ የቀረጻችሁት ቢንቀጠቀጥም ይሻላል። የልጆች ፊት ከታየ ወላጅ ይጠየቅ፣ ካልሆነ ካሜራው ወደ ተናጋሪው ብቻ ይዙር።

ብዙ ሰው የማያስበው አንድ ነገር አለ። የቀይ ቀበሮ ጉድጓድ ወይም የብርቅ ወፍ ጎጆ የት እንዳለ በትክክል የሚናገር ቪዲዮ ወደ ቴሌግራም አይውጣ። ክፍሉ ውስጥ የሚወራና ለዓለም የሚለቀቅ ይለያያል። ያንን ቦታ ቆርጣችሁ አውጡት።

ከውጭ አገር ቤተ መጻሕፍት ጋር መገናኘት ይቻላል?

ይቻላል። አሜሪካም ካናዳም ያሉ የገጠር ቤተ መጻሕፍት አንድን ተናጋሪ በቪዲዮ ተካፍለው የመስማት ልምድ አላቸው። ግን መጀመሪያ እርስ በርሳችን እንልመደው ባይ ነኝ። ደምቢያና ደባርቅ ሳይነጋገሩ ኒው ዮርክን መጥራት ቅደም ተከተሉ ልክ አይመስለኝም።

ከጀመራችሁ ግን ሰዓቱን ሁለቴ አረጋግጡ። እኛ «8 ሰዓት» ስንል ከቀትር በኋላ ነው፤ እነሱ ጠዋት መስሏቸው ይዘጋጃሉ። ኒው ዮርክ ጠዋት 10 ሰዓት ሲሆን በእነሱ በጋ እኛ ጋ ከቀኑ 11 ሰዓት ነው፤ በእነሱ ክረምት ሰዓታቸውን ስለሚቀይሩ 12 ሰዓት ይሆናል፣ መሽቷል። ቀኑንም በሁለቱም ዘመን አቆጣጠር ጻፉ። ትርጉም ደግሞ ጊዜውን እጥፍ ያደርገዋል፤ ሃያ ደቂቃ የታሰበ ወግ አርባ ይሆናል። አስተርጓሚው የእንስሳቱን ስም ከዋዜማው ይዘጋጅበት። በጀመርን ሰሞን አንዱ «ጭላዳ»ን ሲያጣ «ጦጣ» ብሎ አለፈው፣ ልጆቹ በአንድ ድምፅ አረሙት።

መሥራቱን በምን እናውቃለን?

የሰው ቁጥር ጻፉ፣ ግን እሱን ብቻ አትመኑ። እኛ በር ላይ አንድ ደብተር አኑረናል። በግራ በኩል ሰው ያየው እንስሳ፣ የት፣ መቼ። በቀኝ በኩል ጥያቄው። መጀመሪያ ወር ላይ «ጅብ አየሁ» የሚል ብቻ ነበር። ኋላ ላይ የተጻፈውን ስከፍት ይህን አገኘሁ፣ በእርሳስ፣ በሕፃን ጽሕፈት፦ «ትላንት ሽምብራ ማሳ ላይ እግራቸው ረጅም ግራጫ ወፎች አየሁ። 43 ናቸው። አባቴ በየዓመቱ በጥቅምት ይመጣሉ አለኝ። ከየት ነው የሚመጡት? ጎንደር ያሉትም አይተዋል ወይ?»

ጥያቄውን ፎቶ አንስተን ለአምስቱም ቤተ መጻሕፍት ላክነው። በሳምንቱ ከሦስቱ መልስ መጣ፣ ቁጥርና ቀን ተጽፎ።